የዘጠኝ ሰዓት ጭብጨባ

በደግፌ ሥጋ ቤት አንድ ሕግ ነበር። ደንበኛ ሲያጨበጭብ፣ ሁለተኛ ጭብጨባ ሳይከተል አስተናጋጇ «አቤት» ማለት አለባት። ትሪ ተሸክማ ይሁን፣ እጇ በዳጣው ቃሪያ እየተንገበገበ ይሁን፣ ሽንት ቤት ትሁን፣ ደግፌ ግድ የለውም። ቤቱን ከአባቱ ከወረሰ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ሥጋውን ሲቆጣጠሩ ኖሩ፤ ልጃቸው ደግሞ የሴቶቹን አፍ ይቆጣጠራል። ሁሉንም የሚጠራቸው «ልጅት» እያለ ነው፤ እናቱ የምትሆነውንም፣ ታናሽ እህቱ የምትሆነውንም። ስም በመያዝ ለምን ይድከም? ሰውየው ሥራ አለበት።

ብሩክታይት ከገሱባ ወደ ሶዶ መጥታ እዚህ ቤት ስትቀጠር ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። የሁለት ዓመት ልጇን እናቷ ጋ ትታ ነው የመጣችው። ሦስቱን የሙከራ ወራት ሁለት ቅሬታ ሳይመጣባት ከጨረሰች ቋሚ ትሆናለች፣ ልጇንም ወደ ሶዶ ታመጣለች። ካልሆነ ወደ ገሱባ መመለስ ነው። ማታ ማታ ልጅቷ በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትላት «ትንሽ ቀረኝ» ትላታለች። ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

በተቀጠረች በሦስተኛው ቀን፣ የምሳ ሰው ወጥቶ አዳራሹ ባዶ ሆኖ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ወለሉን ስትወለውል፣ ከጥጉ በኩል አንድ ሰው አጨበጨበ። ጧ፣ ጧ። ደብዘዝ ያለ፣ እርጥብ እጅ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር። ብሩክታይት ቀና ሳትል «አቤት!» አለች። ከዚያ ቀና አለች። በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ማንም አልነበረም። ሰዓቱ ዘጠኝ ነው፤ የዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ ከአራቱ ወንበሮች አንደኛው ትንሽ ወደ ኋላ ተስቧል።

መሲ ከማድ ቤት እየሮጠች ወጥታ የብሩክታይትን አፍ በመዳፏ ከደነችው። መሲ የቤቱ ወጥ ሠሪ ናት፤ አማርኛ ስትናገር ወንዱንም ሴቱንም አንድ ታደርጋለች።

«ዝም በል! ለምንድነው አቤት ያልከው?»

«ሰው አጨበጨበ እኮ።»

«ሰው አይደለም። እናትህ አልነገረህም? ፊቱን ላላየኸው አቤት አይባልም።»

እናቷማ ነግራታለች። ይህን ሳይነገረው ያደገ ማን አለ? ስምህ ተጠርቶ ጠሪው ካልታየህ ዝም ነው፤ ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራል፣ ሌላ ከሆነ ይሄዳል። ግን የደግፌ ሕግና የእናቷ ምክር አንድ ቤት አይኖሩም። እሷም ምላሷን ለደግፌ አስለምዳ ነበር፤ ለዚያውም በሦስት ቀን።

መሲ ወደ ማድ ቤት ጎትታ ወስዳ በሹክሹክታ አጫወተቻት። ጥጉ ላይ ያለችው «እሷ» ናት። ስሟን አልጠራችም፣ በዚያ ቤት ማንም ደፍሮ አይጠራትም። እዚህ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተናገደች ሴት ነበረች። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ከአዳራሹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ አስተናጋጅ የሚበላው ማድ ቤት ቆሞ ነው። ባለፈው ክረምት ጉልላት የሚባል ደንበኛ የእጅ ውሃው ቀዝቅዟል ብሎ፣ ሳፋውን ከነእጣቢው አንስቶ አናቷ ላይ ደፋባት። ሰው ሳቀ። ደግፌ «ይቅርታ ጠይቂ፣ ልጅት» አላት። ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ «ይቅርታ ጌታዬ» አለች፣ ወለሉን አደረቀች፣ ሥራዋን ጨርሳ ሄደች። በሳምንቱ ሞተች። ምች ነው ያለም አለ፣ ሳንባ ነው ያለም አለ። ደግፌ ለቅሶ እንኳን አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታጨበጭባለች።

«ምን ፈልጋ?» አለች ብሩክታይት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጠይቀነው አናውቅም። አሁን አንተ አቤት ብለሃል፤ አንተው ሂድና ጠይቀው።»

በማግስቱም ተጨበጨበ። ብሩክታይት መወልወያዋን አስቀምጣ ሄደች። ወንበሩ ሥር ትንሽ ውሃ አቁሯል፣ ጣሪያው ግን አያፈስም። «ምን ልታዘዝ?» አለች። ሻይ አመጣች፤ ሻዩ እንዳለ ቀዘቀዘ። በሌላ ቀን ሥጋ በዳጣ አቀረበች፤ ዝንብ እንኳን አላረፈበትም። ጭብጨባው ግን አልተወም፤ በየቀኑ በሰዓቱ ይመጣል፣ ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም።

በስድስተኛው ቀን ነገሩ ገባት። ውሃ ለብ አድርጋ በማንቆርቆሪያ ያዘች፣ ሳፋውን ከወንበሩ ፊት ዘረጋች፣ አንገቷን ደፍታ አፈሰሰች። ውሃው ከማንቆርቆሪያው አፍ ወረደና አየር ላይ ቀረ። እጅ እርስ በርሱ ሲተሻሽ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ሳፋው ውስጥ አንዲት ጠብታ አልደረሰችም። ብሩክታይት መጮህ ፈልጋ ነበር፤ ግን እጁን እየታጠበ ባለ ሰው ላይ ማን ይጮሃል? ውሃው እስኪያልቅ አፈሰሰች። ሲያልቅ ከወንበሩ በኩል አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት ቁጭ ስትል የምታወጣው ትንፋሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብሩክታይት መፍራት ተወች። ወደደቻት ቢባል ይቀላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ውሃውን ራሷ ታሞቃለች፣ ሙቀቱን በክርኗ ትለካለች፣ ለልጇ ገላ ስታሞቅ እንደምታደርገው። ሴትዮዋ የምትፈልገው መቀመጥና ውሃ እንዲፈስላት ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለአገሩ ሁሉ ስታደርግ የኖረችውን አንድ ሰው ቢያደርግላት ምን አለበት?

ጉልላት ግን በሕይወት ነበር፤ ምሳውንም እዚያው ይበላ ነበር። ኮንትራክተር ነው፣ መኪናውን በር ላይ እንቅፋት አድርጎ ያቆማል፣ ከመቀመጡ በፊት ያጨበጭባል። በረንዳው ላይ ቧንቧ አለ፤ እሱ ግን ተነሥቶ አይታጠብም፤ ውሃው እሱ ዘንድ ይመጣል። ብሩክታይትን «አንቺ» ብሎ ጠርቷት የሚያውቀው ሲጠግብ ነው፣ ሲርበው ያፏጭላታል። አንድ ቀን ቢላው ደንዝዟል ብሎ ደግፌን ጠርቶ ከሰሳት። ቢላውን የሚስለው ሥጋ ቆራጩ ነው፤ ተከሳሿ ግን እሷ ሆነች።

«አንድ ቅሬታ አለብሽ፣ ልጅት» አላት ደግፌ። «ሁለተኛ ከመጣ መናኸሪያው ቅርብ ነው።»

ሦስት ወሩ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጉልላት ሁለት እንግዶች ይዞ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። በቀጥታ ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ሄደ፤ እንግዶቹ ዳሞታን እያዩ እንዲበሉ ፈልጓል፣ ዳሞታ ደግሞ በዚያ ሰዓት በጉም ተሸፍኗል።

ብሩክታይት ፊታቸው ቆመች። «ጌታዬ፣ እዚያ ሰው አለ።»

ጉልላት ባዶዎቹን ወንበሮች አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ለእንግዶቹ ሳቀ። «ያመኛል ብትል እኮ ይሻላት ነበር! ደግፌ፣ ከየት ነው የምትለቅማቸው?»

ደግፌ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ዓይኑን አፈጠጠባት። ገለል አለች። ጉልላት ወደ መስኮቱ ያለውን ወንበር ሳበው፤ አልነቃነቅም አለ። በሁለት እጁ ሳበው፣ እንቢ። ተሳድቦ ሌላው ላይ ተቀመጠ፣ እንግዶቹም ተቀመጡ፣ አራተኛው ባዶ ቀረ።

አጨበጨበ። ብሩክታይት «አቤት» ብላ ውሃውን ይዛ መጣች፤ እንፋሎት ይወጣዋል። ሳፋው ውስጥ ጥቂት ስታፈስ ጉልላት ጣቱን ነክሮ አወጣ።

«ቀዝቃዛ ነው!» አለና ሳፋውን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ ላይ ያ ሳቅ ነበር።

ጧ፣ ጧ።

ከባዶው ወንበር ነው። ጉልላት «አቤት!» አለ።

አፉን በእጁ ያዘው፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ብድግ አለ። ማንቆርቆሪያውን ከብሩክታይት እጅ ወሰደ፣ ሳፋውን ባዶው ወንበር ፊት ዘረጋ፣ ትልቅ ሰውነቱን አጥፎ ጎንበስ አለና ማፍሰስ ጀመረ። ውሃው ወረደ፣ አየር ላይ ቀረ። እንግዶቹ ወንበራቸውን ገልብጠው ወደ በሩ ሸሹ። ማንቆርቆሪያው አንድ ሊትር አይይዝም፤ ውሃው ግን አላለቀም። ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ የጉልላት ክንድ ዛለ፣ ማስቀመጥ ግን አልቻለም። ማን እንደሆነች አልጠፋውም።

«ይቅርታ» አለ።

ጧ፣ ጧ።

«አቤት! ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጧ፣ ጧ።

«አቤት! ይቅርታ አድርጊልኝ አንቺ...» እዚህ ላይ ቃሉ ተሰበረ። ስም ያስፈልጋል። ስምንት ዓመት ከእጇ በልቷል፤ ስሟን ግን አያውቅም። «እህቴ» አለ፣ ተጨበጨበ። «እማማ» አለ፣ ተጨበጨበ። ዕንባው በአፍንጫው እየወረደ ወደ ደግፌ ዞረ። «ስሟን ንገረኝ! ስሟ ማነው?»

ደግፌ «ልጅት ነበር የምላት» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ብሩክታይትን ክንዷን ጨምድዶ ያዛት። «ሂጂ ስሟን ጠይቀሽ አምጪ! ሰውየው እዚህ ቤት ከሞተብኝ ነገ የሚባል ሥራ የለሽም።»

ወደ ማድ ቤት ሮጠች። መሲ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ነበር። አልናገርም አለች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ በመጨረሻ በጆሮዋ ነገረቻት። «አያልነሽ።»

ብሩክታይት ስሙን ይዛ ተመለሰች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ተያዘ። ለጉልላት ትስጠው? እሱ በዚያ አፉ ሊጠራት? ደሟ ፈላ። ልጇም ትዝ አለቻት፣ «መቼ ነው የምትመጪው» የምትለዋ። እኔው ልለምናት ብላ ወሰነች፤ እኔን አታሳፍረኝም፣ ውሃ አፍስሼላታለሁ። ወደ ወንበሩ ቀረበች፣ ጎንበስ አለች፣ በክብር፣ ለታላቅ ሴት በሚገባ ድምፅ ጠራቻት።

«እትዬ አያልነሽ።»

«አቤት!»

ፈጣን ነበር፣ የደከመና የተዘጋጀ ድምፅ፤ ሁለተኛውን ሳይጠብቅ የመጣ። ወንበሩ በድንገት ወደ ኋላ ተገፋ። አየር ላይ የነበረው ውሃ ሁሉ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። በተወለወለው ወለል ላይ እርጥብ ዱካ ታየ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ትሪ የያዘች ሴት በጠባብ መንገድ ስትጣደፍ የምትረግጠው አረጋገጥ፤ በብሩክታይት አጠገብ አልፎ ወደ ማድ ቤት ገባ።

ብሩክታይት ያደረገችው ያን ጊዜ ነው የገባት። ሴትዮዋ ተቀምጣ ነበር። ስሟን ስትጠራት ደግሞ ተነሣች፤ በተጠራች ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደተነሣችው። ብሩክታይት አፏን በሽርጧ ይዛ አለቀሰች።

ደግፌ ግን ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። «ጎበዝ ልጅት! ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነሽ።» የፈለገችውን አገኘች። የባዶው ወንበር ሥር ደርቋል፣ ጉሙም ከመስኮቱ ላይ እየተነሣ ነው።

ጉልላት እግሩ አልታዘዝ ስላለው ከበሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ተዘረፈጠ። ፊቱን ጠረገ። ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ ተመለሰ፣ እጆቹን ገልብጦ አያቸው፣ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። እንደገና የራሱ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ይሁን፣ ወይም ሰው እንዲሁ ስለሆነ፣ አጨበጨበ።

ብሩክታይት አፏን ሳትከፍት ከማድ ቤት «አቤት» የሚል መጣ። የመሲ ድምፅ አልነበረም። መሲማ እየጮኸች በጓሮ በር ወጥታለች። የማንቆርቆሪያ እጀታ ተንቃጨለ፣ የማድ ቤቱ መጋረጃ ከውስጥ ወደ ውጭ መነፋት ጀመረ፤ በሰው ቁመት ልክ።

ብሩክታይት ሮጣ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ።

«ይቀመጡ እትዬ» አለች። «ይቀመጡ፣ እኔ አለሁ። እኔ እሄዳለሁ።»

መጋረጃው ፊቷ ላይ ቆመ። እርጥብና ቀዝቃዛ ትንፋሽ ግንባሯን ነካት። ዝቅ ብላ ማንቆርቆሪያውን ከአየር ላይ ተቀበለች፤ ትንሽ ተይዞ ቆየና ተለቀቀላት።

ወደ ጉልላት ይዛው ስትሄድ ከመንገድ የመጡ አራት ሰዎች ገብተው ተቀመጡ፣ አንደኛውም እጁን ለጭብጨባ አነሣ። ብሩክታይት ጭብጨባውን አልጠበቀችም። «አቤት!» አለች፣ ማድ ቤት ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ እርምጃዋንም አፈጠነች።