የዶን ኤላዲዮ ቀጭን ሕዋስ

ማርች 11 ቀን 1958፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ካሲልዳ የቤተ ሙከራውን መሳቢያ ስባ ስስ የአንጎል ቁራጭ የተለጠፈበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ አወጣች፤ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋም አጎንብሳ አየችው። ሕዋሱ የለም። ኩል የመሰለው ጥቁር ቅርጽ ቡናማ እድፍ ሆኗል።

ጥፋቱ የራሷ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት አሠሪዋ የአንጎል ተመራማሪው ዶን ኤላዲዮ በሳንባ ምች እንደተኙ ሠራተኞች ጣሪያውን ሊጠግኑ መጡ። የኖራው ብናኝ ሲረግፍ ብታይ ስላይዱን ስስ መስታወት ከደነችበት። በብር የተቀለመ ሕዋስ ግን ሙጫ ብቻ ተቀብቶ ክፍቱን ነው የሚቀመጠው፤ ከከደኑት ይጠፋል። ይህን ታውቃለች። ድንጋጤ አስረሳት።

እዚህ የመጣችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ መስታወት ልታጥብ ነበር። መሣል ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ቁራጩ የሚጠራበት የቅርንፉድ ዘይት ሽታ ከፀጉሯ ስለማይለቅ የትራሙ ቲኬት ቆራጭ ማታ ማታ «የጥርስ ሐኪሟ መጣች፣ አፋችሁን ክፈቱ!» ይል ነበር። ያን ዘመን ስታስብ አሁንም ሳቋ ይመጣል። ጠዋት እሳቸው መጀመሪያ ያያሉ፤ ያዩትን ይነግሯታል፤ እሷ አይታ ትሥላለች።

«ላይኛዎቹ ትንንሽ ፒራሚድ መሳይ ሕዋሳት ወሬኞች ናቸው» ይሏት ነበር። «ወሬያቸው ከአንጎል ቅርፊት አይወጣም። አምስተኛው ንብርብር ውስጥ ግን ሁለት ዓይነት አሉ። ወፍራሙ፣ አናቱ የተንዠረገገው፣ መልእክት የሚያደርስበትን ክር ቁልቁል እስከ አከርካሪ ይሰዳል። ቀጭኑ ደግሞ ወደ ማዶ፣ ወደ ሌላኛው የአንጎል ግማሽ።»

ይህን ሲሉ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ባልደረቦቻቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው እያሉ ይስቁባቸዋል። ብሩ ደግሞ ከመቶው አንዱን ሕዋስ በራሱ ፈቃድ ነው የሚቀልመው። ክሩ ረጅም ሆኖ የታየ ቀጭን ሕዋስ፣ ይህን የጠፋውን፣ ያገኙት አሁን፣ የቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ነው። ሥዕሉ ግማሽ ላይ ደርሶ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ዶን ኤላዲዮ ከሕመማቸው ተነሥተው ሻርባቸውን እንደጠመጠሙ ገቡ።

«ቀጭኑ ሰውዬ እንዴት ከረመ?»

«ገደልኩት፣ ዶን ኤላዲዮ።»

አጎንብሰው በደህናው ዓይናቸው በማይክሮስኮፑ አዩ።

«ከደንሽው?»

«ከደንኩት።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ!» ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ አርባ ስላይድ ከድኜ ፈጅቻለሁ። መምህሬ ወሩን ሙሉ ‘መስኮት ገጣሚው’ ሲሉኝ ከረሙ» አሉ። ሁለቱም አልሳቁም።

የተጀመረውን ሥዕል ወደ እሷ ገፉት። የሕዋሱ አካልም ቅርንጫፎቹም አሉ፤ ክሩ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ የአንጎል ክፍል ጠርዝ ላይ ቆሟል።

«ከዚህ ወደ ማዶ ሲዞር አብረን አይተናል። ጨርሽው።»

ካሲልዳ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረች። አንጠልጥላው ቆየችና አስቀመጠችው።

«እርስዎ ‘ዞረ!’ ሲሉ አዎ ያልኩት ደስታዎን አይቼ ነው። እዚያ ጋ ክሩን የሸፈነ የብር ዝቃጭ ነበረበት። ከዝቃጩ ወዲያ ያለውን እኔ አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ!»

«እንግዲያው እርስዎ ይሣሉት።»

ብዕሩን አነሱ። ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው መለሱት።

«ሠላሳ ዓመት የፈለገ ሰው ምን የማያየው አለ» አሉ። «እዚያው ይቁም። ግን ጫፉን አታሹይው፣ ልጄ፤ ለሚያዩት ክሩ እዚያ ያለቀ ይመስላቸዋል። ክፍቱን ተይው።»

ዶን ኤላዲዮ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አረፉ። ሥዕሉ በቀጣዩ ዓመት ታተመ፤ ክሩ ነጩ ክፍል ጠርዝ ላይ ጫፉ ክፍት ሆኖ ይቆማል። ቀጭኖቹና ወፍራሞቹ የተለያዩ መሆናቸውን ሌሎች ሰዎች በሌላ ዘዴ ያሳዩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።