ሰባ ደቂቃ የሚፈጅ ሲጋር

ጡረታ የወጡት ዳኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሱቁ ገቡና የሲጋሩን ሣጥን ባንኮኒው ላይ ዘጭ አደረጉት። ከሃያ አምስቱ የጎደለው አራት ብቻ ነበር።

«እሬት ነው የሸጣችሁልኝ» አሉ። «ሃያ ዓመት ደንበኛችሁ ሆኜ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም።»

ባለሱቁ ዞሮ የእህቱን ልጅ አያት። ካለፈው ዓመት ሕመሙ ወዲህ አፍንጫው ሽታ አይለይም፤ የዘንድሮውን ሲጋር እሷ እንድትመርጥ የፈቀደላትም ለዚህ ነው። ምርጫዋ ከሰመረ ግዢው ለዘለቄታው የእሷ ይሆናል፤ ካልሰመረ ሱቁን ለጎረቤታቸው ለመነጽር ሻጩ ያከራያል። ይህን ያላት በዋዛ አልነበረም፤ መነጽር ሻጩ ሁለት ጊዜ መጥቶ መደርደሪያዎቹን በሜትር ለክቷል።

ባለሱቁ አንዱን ሲጋር አንስቶ በሁለት ጣቱ ጨመቅ ጨመቅ አደረገው። ጣቱ እንደ አፍንጫው አልከዳውም። «አልደረቀም፣ አልረጠበም። ታዲያ ምን ነካው?»

«ቆይ ደብተሬን ላምጣ» አለች።

«መጣች ጸሐፊዋ!» አለ አጎቷ። «ሲጋር ይጨሳል እንጂ ይጻፋል?»

ይህን ሦስት ዓመት ሰምታዋለች። በደብተሩ በየገጹ ራስጌ ከሲጋሩ ወገብ የወለቀው የወረቀት ቀለበት ተለጥፏል። ከሥሩ የላይኛው ቅጠል ቀለም፣ ጭሱ ሲሳብ መክበዱና መቅለሉ፣ አመዱ ስንት ጣት ሆኖ እንደወደቀ ሰፍሯል። ጣዕሙን መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ ብላ ለየብቻ ትጽፈዋለች፤ ሲጋር ሲለኮስና ሊያልቅ ሲል አንድ አይደለምና። በመጀመሪያው ገጽ፣ ጭሱን እንደ ሲጋራ ወደ ሳንባዋ ስባ ግድግዳ ይዛ መቆሟም ሳይጻፍ አልቀረም። የሲጋር ጭስ አፍ ውስጥ ቆይቶ የሚወጣ መሆኑ የገባት ያን ዕለት ነው።

ገጹን አገኘችና ጮክ ብላ አነበበች። «መጀመሪያው ቁንዶ በርበሬ። መሀሉ የተቆላ ለውዝ። መጨረሻው ለስላሳ፣ ማር ማር ይላል። ሰባ ደቂቃ።»

«ማር!» ዳኛው ሳቁ። «ልጄ፣ ምላስሽን ሐኪም ይየው።»

«እስቲ እዚሁ አንድ ያጭሱልኝ፣ ጋሼ። ከመረረዎት ሣጥኑን አንድ ቃል ሳልተነፍስ እረከባለሁ።»

አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ግን መቁረጫውን አቀበለችና ሰዓቷን አየች።

ዳኛው ጫፉን ቆርጠው ለኮሱ፤ እዚያው እንደቆሙ ማጨስ ጀመሩ። አንዴ ሳቡ። ጭሱ ከአፋቸው ወጥቶ ሳያልቅ ደገሙ። ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሲጋሩ ተጋመሰ፤ ሲነኩትም ይፋጃል።

«ይኸው መረረኝ!» አሉ፣ ክርክር እንደረታ ሰው።

«ቤትዎ የሚያጨሱት የት ነው?»

ዳኛው አመነቱ። «ድሮ ሳሎን፣ ወንበሬ ላይ ነበር። አሁን ምራቴ አብራን ገብታለች፤ መጋረጃው ሸተተ ትላለች። ጓሮ፣ የልብስ ማስጫው ሥር ቆሜ ነዋ!»

«ልብሱ ሳይሰጣ?»

«ልብሱ ሳይሰጣ! ዘንቢሏን ይዛ ከደረሰችብኝማ አለቀልኝ።»

አጎቷ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እንግዲያው ያመረረው ጥድፊያው ነው» አለች። «ቶሎ ቶሎ ሲሳብ ይግላል፣ ሲግል ይመራል። በደቂቃ አንዴ ይበቃዋል።»

ከጓዳ ባለመደገፊያውን ወንበር ጎትታ መስኮቱ ሥር አኖረችና ሌላ ሲጋር ቆርጣ ሰጠቻቸው። ዳኛው ተቀመጡ። ስለ አንድ የቆየ የአጥር ክርክር ማውራት ያዙ፤ ወሬው መሳቡን ያስረሳቸው ነበር። አመዱ ሁለት ጣት ሞልቶ ወደቀ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ወሬውን አቋርጠው ሲጋሩን ተመለከቱት። አጎቷም ባንኮኒውን ይወለውልበት የነበረውን ጨርቅ አስቀመጠ።

«ማር አይደለም» አሉ ዳኛው። «ዘቢብ ነው።»

«ዘቢብ ብዬ ልጻፈው?»

«ጻፊው። ቃሌ ነው።» ተነሥተው ኮፍያቸውን አደረጉ። «ሣጥኑ እዚሁ ይቀመጥልኝ። ወንበሩንም ማንም እንዳይነካው።»

በሩ ሲዘጋ አጎቷ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ስንት ደቂቃ ፈጀባቸው?»

«ሰባ ሁለት።»

«ሁለቷ ለወሬው ናት» አለና የሲጋር ግዢ ማዘዣው ያለበትን መሳቢያ ቁልፍ ከዘለላው ማውለቅ ጀመረ። «ስትወጪ ጎረቤታችንን ሜትርህን ጠቅልል በይው።»