እስከ ፉሪ

ሬሐና ሰበታ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ባሏ የህያ በጅማ መንገድ መኪናቸው ተገልብጦ ሲሞት እሷም ከጎኑ ነበረች። ሰው ደርሶ እስኪያወጣት ድረስ ከሬሳው ጋር ተጣብቃ ቆይታለች። አጥንቷ አልተሰበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንገቷ አልዞር አለ። ታክሲ ልትሳፈር እግሯን ስታነሳ ደረቷ ይዘጋል፣ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ ነፍሷ የምትወጣ ይመስላታል።

ሐኪም ቤት ሄዳ ራጅ ተነሳች፤ «ምንም የለብሽም» አሏት። ቁርአንም ተቀራላት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከሰበታ አልወጣችም። ልጇ ሚንሃ ቡራዩ በቀዶ ጥገና ስትወልድ እንኳ ገንፎዋን ያገነፋችላት አማቷ ነበረች። በአርባ ቀኗ ሚንሃ ደውላ፣

«እማ፣ እኔ ላንቺ ሞቻለሁ ማለት ነው?» አለቻት። ሬሐና ሱቋን ዘግታ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና «ያ አላህ፣ ወይ አሽረኝ ወይ ውሰደኝ» አለች።

ሱሺላ የአንድ ህንዳዊ የፋብሪካ መሐንዲስ ሚስት ናት። ሰበታ ሰባት ዓመት ስለኖረች አማርኛውን ትሞካክረዋለች። እርድና ዝንጅብል ልትገዛ መጥታ፣ ሬሐና ሰውነቷን በሙሉ አዙራ ስታያት ጊዜ፣

«አንገት ምን ሆነ?» አለቻት። ሬሐና እዚያው አለቀሰች።

የሱሺላ አያት በአገራቸው በአዩርቬዳ፣ በጥንቱ የህንድ ሕክምና፣ የሚያክሙ ሰው ነበሩ። ሱሺላ ሬሐናን ቤቷ ወስዳ የሰሊጥ ዘይት አሙቃ አንገቷንና ትከሻዋን አሸቻት። ምግቧን በሰዓቱ፣ በትኩሱ እንድትበላ ነገረቻት። ዮጋም አስጀመረቻት። የሬሐና ወንድም ሙሄዲን ይህን ሲሰማ ሱቋ ድረስ መጣ።

«የጣዖት አምልኮ ነው! ሐራም ነው!»

«ሶላቴን አልተውኩም፣ ሙሄዲን። መተንፈስ ነው የምማረው። ሐራም ነው ካልክ፣ በል አንተ አስተንፍሰኝ።»

ሙሄዲን ጥሏት ወጣ።

በአምስተኛው ቀን ሱሺላ ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ አስተኛቻት። እጅ እግሯን አላልታ ዓይኗን እንድትጨፍን ነገረቻት።

«ይሄ ምን ይባላል?» አለች ሬሐና።

«የሬሳ አተኛኘት እንለዋለን» አለች ሱሺላ፣ ሳታስበው።

ሬሐና ተወርውራ ተነሳች። «እኔ ከሬሳ ጋር የተኛሁ ሰው ነኝ! አሁን ደግሞ እኔኑ ሬሳ ልታደርጊኝ ነው?» ጫማዋን በእጇ ይዛ እየጮኸች ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። እህል አልወርድ አላት። ሚዛን እንደያዘች ሁለት ጊዜ ወደቀች። በመጨረሻ ሌላ መሄጃ ስላልነበራት የሱሺላን በር አንኳኳች።

ሱሺላ እጇን ይዛ ይቅርታ ጠየቀቻት። «ከእንግዲህ መተኛት የለም። ዓይን መጨፈንም የለም። ዘይት ብቻ አይበቃም፣ የጭንቀት ሐኪምም ጋ እንሄዳለን።»

ሄዱም፤ እዚያው ሰበታ ስለሆነ በእግራቸው። ከዚያ በየቀኑ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያዩ ተነፈሱ፤ እስከ አራት ቆጥሮ መሳብ፣ እስከ ስድስት ቆጥሮ ማውጣት። ከወር በኋላ የሬሐና አንገት ትንሽ ፈታ አለ። የደረቷ ነገር ግን እንዳለ ነበር።

አንድ ጠዋት ቡራዩ ልጇ ጋ ልትሄድ ታክሲ ተሳፈረች። ከሰበታ ቀጥሎ ያለችው ዓለም ገና ሲደርሱ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች፤ ወርዳ መንገድ ዳር አስመለሰች። እያለቀሰች በእግሯ ሰበታ ገባች። በሳምንቱ እንደገና ሞከረች። ዓለም ገናን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ዓይኗ ጨለመ። አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ ደንግጠው እጇን ያዙ።

«ማል ታቴ ልጄ? ምን ሆንሽ?»

«ትንፋሽ አጠረኝ አባቴ፣ ይቁጠሩልኝ።»

«ምኑን ልቁጠር?»

«እስከ ስድስት።»

ሽማግሌው ሌላ ነገር አልጠየቁም። ሰው ሁሉ እያያቸው ጮክ ብለው በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጀአ» ይሉ ጀመር። ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው። እንዲህ እየቆጠሩላት አዲስ አበባ መዳረሻ፣ ፉሪ ደረሱ። ከዚያ በላይ ግን አልቻለችም፤ ወረደችና ደወለች።

«ሚንሃ፣ ፉሪ ነኝ። መኪናው ውስጥ እሞታለሁ ብዬ ነው የቀረሁት እንጂ ጠልቼሽ አይደለም። እሱንም ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው።»

«እዚያው ጠብቂኝ» አለች ሚንሃ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጇን አዝላ ከታክሲ ወረደች። እናትና ልጅ መንገድ ዳር ተቃቅፈው አለቀሱ። ሬሐና ሕፃኗን ተቀብላ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ቡራዩ እንሂድ፣ እማ።»

«ዛሬ አልችልም።»

«እሺ» አለች ሚንሃ፤ አጠገቧ ተቀመጠች።