ከ«ሰፊው» ቀጥሎ የሚመጣው

«ሰው ሲናገር ሰምቶ የሚጽፍ ማሽን አዲስ አበባ ገብቷል አሉ!»

በጎንደር ስልክ ማዞሪያ ቤት እናኑ ይህን ወሬ ያልነገረችው ሰው የለም። ማሽኑ ሰኞ ሻንጣ ያህል ነበር፤ ዓርብ ላይ ቤት አክሎ፣ ከመስኮብ በመርከብ መጥቶ፣ ሐሜትም ይለይ ጀመር።

«ሊያባርሩን ነው፣ ይመኙሽ።»

«መጀመሪያ የደባርቅን መስመር ይስማና ነዋ!» አለች ይመኙሽ፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታወርድ።

የደባርቅ መስመር ደጋው ላይ ነፋስ በነካው ቁጥር የሰውን ቃል ግማሹን ይበላል። ከስምንተኛ ክፍል ያልዘለለችው ይመኙሽ የተበላውን ሞልታ የምታቀብለው በቁጥር ነበር። ከየትኛው ቃል ቀጥሎ የትኛው ስንቴ እንደሚመጣ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ወፍራም ደብተር ላይ ጭራለች። ከ«እንደምን» ቀጥሎ «አደራችሁ» ሰማንያ ሦስት፣ «ከረማችሁ» አርባ አንድ። ጭረቱን ወደ ፕሮባቢሊቲ፣ ወደ ዕድል ስሌት፣ መለወጥን የተማረችው ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው፤ አስተማሪ አልነበራትም፣ አልለመነችምም።

በ1976 ዓ.ም. አዲሱ ካድሬ ጓድ አንዳርጋቸው ደብተሩን ከጠረጴዛዋ አነሳው።

«ይህ የማን የምስጢር ኮድ ነው?»

«የአማርኛ።»

«አትቀልጂ!»

«ይፈትኑኛ፣ ጓድ። ይናገሩና መሃል ላይ ያቁሙ፤ የቀረውን እሞላለሁ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰፊው…»

«ሕዝብ።»

«ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር…»

«እናውላለን።»

«አብዮታዊት እናት አገር…»

«ወይም ሞት።»

እናኑ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። አንዳርጋቸው ደብተሩን ከደነው።

«ምን እንደምናገር ሳልናገር ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«እርስዎ ቀላል ነዎት፤ ከመቶው መቶ። ከጠዳ በሬ ጠፍቶበት የሚደውል ባላገር ግን ከመቶው አርባ እንኳ አይያዝልኝም። እሱ የራሱን ነው የሚናገር።»

ካድሬው ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «ይህ ለምርመራ አዲስ አበባ ይሄዳል። ኮድ ነው ብለሽ ከፈረምሽ በምሕረት ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ። ካልፈረምሽ ከዛሬ ጀምሮ እንዳላይሽ።»

«ምነው አንቺ፣ አንድ ፊርማ እኮ ነው!» አለች እናኑ።

«አራት ዓመት የቆጠርኩትን አማርኛ ኮድ ነው ብዬ በውሸት አልፈርምም።»

ማዳመጫውን መንጠቆው ላይ ሰቀለች፤ ወጣች። በሳምንቱ ጠዳ ገበያ ዳር ተቀምጣ፣ የገበያተኛውን ቃል በአዲስ ደብተር፣ ከአንድ ጭረት መቁጠር ጀመረች።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ የስልክ ቤቱ መዝገብ ጠባቂ ሽማግሌ አያ ወልደኢየሱስ አንድ ደብዳቤ ይዘውላት መጡ። ከአንዳርጋቸው ፋይል ውስጥ የተገኘ ነው። ከአዲስ አበባ የላከው ክፍል ተዘግቷል፤ ፈራሚውም በሕይወት የለም።

«የተላከልን ደብተር ኮድ አይደለም» ይላል። «ንግግርን በሂሳብ የሚገልጽ ሥራ ነው። ሠራተኛዋ ለትምህርት በአስቸኳይ ትላክልን።»

የተጻፈው ደብተሩ በተወሰደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር።