ሐይቁ ዝም ይበል

ነፋሱ የተራራውን የሬዲዮ ማማ ገንድሶ ጣለው። በየወንዙና በሐይቁ የተተከሉት የውኃ መለኪያዎች ቁጥራቸውን የሚልኩት በእሱ በኩል ነበር። የተረፈው አሮጌ መስመር እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ ሆነና፣ ሁሉም እኩል ሲሻሙበት የአንዱም ወሬ በወጉ አልደርስ አለ። ኮምፒውተሩ ውኃው ከከተማው የጎርፍ መከላከያ ግንብ በታች ያልፋል ብሎ ሳይጨርስ፣ የለም ይሻገራል ይላል።

የጎርፍ ትንበያውን የምትከታተለው መሐንዲስ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አልነቀለችም። ከግንቡ ሥር ባለው ሆስፒታል ታናሽ እህቷ በቀዶ ጥገና ወልዳ ተኝታለች።

"ሆስፒታሉን እናስለቅቅ ይሆን?" አሉ አለቃዋ ስልኩን እንደጨበጡ። "በዚህ ዝናብ በሽተኛ ማንሣት ራሱ አደጋ ነው። ካላነሣን ደግሞ..."

"ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። የጎዳን መስመሩን እኩል ማካፈላችን ነው። የሐይቁ መለኪያዎች 'ደህና ነን፣ ደህና ነን' እያሉ ቦታ ይፈጃሉ። ጠባያቸው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው ከገደሉ የሚወርዱት ሁለቱ ገባር ወንዞች ናቸው። ሐይቁ ዝም ይበልና መስመሩን ለእነሱ እንስጥ።"

"ሐይቁስ ቢያብድ?"

"ከጠበቅነው ልክ ከወጣ ብቻ መለኪያው ይናገራል። ዝም ካለ ሰላም ነው።"

"ዝምታ ሰላም ነው ያለሽ ማነው? እስቲ ሚስቴን ጠይቂያት!" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሁን፣ ሞክሪው። እኔ ግን አምቡላንሶቹን በር ላይ አስቆማለሁ።"

ትእዛዙን ላከች። የገባሮቹ ቁጥር ይጎርፍ ጀመር። አንደኛው ሽቅብ ወጣ፤ ልቧ አብሮት ወጣ። በዚህ መሀል ከሐይቁ መለኪያዎች አንዱ ብልጭ አለ።

"ይኸው ጮኸ!" አሉ አለቃዋ።

"ከፍ ያለው በጣት ያህል ነው። በስሌቱ ውስጥ ጨምሬዋለሁ።" ከዚያ ሁለተኛው ገባር መጉደል ያዘ። "ጋሼ! ሁለቱ ሙላት አይገናኙም! አንዱ ሲደርስ ሌላው አልፏል!"

የሚዋዥቀው ግምት ረጋ፤ ከግንቡ በታች። ቢሆንም የግንቡ ጠባቂ እስኪደውል ድረስ ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።

"አለፈ! ክንድ ያህል ቀርቶት አለፈ!"

አለቃዋ እፎይ ብለው አምቡላንሶቹን አሰናበቱ። እሷ እንደተቀመጠች ለእህቷ ደወለች።

"ውኃው አለፈላችሁ እኮ!"

"የምን ውኃ?" አለች እህቷ በእንቅልፍ ድምፅ። "አሁን ገና ልጁ ተኛልኝ ስል ቀሰቀስሽው። ስሚ፣ ስትመጪ ወፍራም ካልሲ አምጪልኝ፣ እግሬ በረዶ ሆኗል።"

መሐንዲሷ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። "ሁለት አመጣልሻለሁ" አለቻት።