የቀኝ በኩል ጎማዎች

በአይስላንድ ተራራ የጎማውን ንፋስ ያልቀነሰ ሰው በረዶው ውስጥ ይሰምጣል። ሽማግሌው ግሪሙርና ስቴይኑን የምትባለው ሟች ሚስቱ፣ እሱ በግራ እሷ በቀኝ ተንበርክከው ይቀንሱ ነበር። እሷ ሁሌ ቀድማ ትጨርስና «አንተ ቀርፋፋ!» ብላ፣ በረዶ አድበልብላ ጀርባው ላይ ታሳርፍበት ነበር።

ዛሬ የምትነዳው ልጁ ድሪፋ ናት። የመኪናዋን ሰፋፊ ጎማዎች የመረጠላት እሱ ነው።

«አባዬ፣ አትውረድ፤ ይህቺን ቁልፍ ስጫናት መኪናው ራሱ ንፋሱን ይቀንሳል።»

«ጭራሽ ሥራ ፈት አደረግሽኝ እኮ!» ብሎ በሩን በርግዶ ወረደና በግራ በኩል ተንበረከከ።

ድሪፋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወረደች፤ ዞራም እናቷ ቦታ ላይ ተንበረከከች።

«እኔ ጨረስኩ። አንተ ገና ነህ?»

«ገና ነኝ!»

ጨርሶ ነበር። እንደ ድሮው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በረዶው እስኪያርፍበት ይጠብቅ ነበር።