ትልልቅ ጎማዎች በጉና ዳገት

ከእድራችን ሰው ሁሉ፣ በሽተኛ በቃሬዛ ከመሸከም ተራ የተሰረዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያሰረዝኩትም ራሴ ነኝ። አንድ ድርጅት በሽተኛ ማመላለሻ ብሎ ለቀበሌያችን ባለ አራት ጎማ ሞተር ሰጠና ሾፌርነቱ ለእኔ ደረሰ። በስብሰባ ተነሥቼ «ከእንግዲህ ሰው በትከሻ መሸከም ቀረ» አልኩ። የእድሩ ዳኛ አባ ሙላቴ እዚያው ስሜን ሰረዙት።

የሞተሩ ነውር ጎማው ትንሽ መሆኑ ነበር። በየድንጋዩ ያንገጫግጫል፤ ሰውም ይስቅብኛል። ደብረ ታቦር ወርጄ ትልልቅ ጎማ አስገጠምኩ። ጎማ ሠሪው «ድንጋዩን ይረግጥልሃል፤ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ አይችለውም። ትልቅ ጎማ ለማዞር ትልቅ ጉልበት ይፈልጋል። ከፍ ስለሚልም መገልበጥ ይቀናዋል» አለኝ። ምቀኛ መሰለኝ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እያለ ብሎኑን አጠበቀልኝ። አስፋልት ላይ ሞከርኩት፤ እንደ ፍራሽ ተመቸኝ።

ኅዳር ላይ ባለቤቴን ብርቱካንን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። የቀበሌያችን ጤና ሠራተኛ ደሳለች አየቻትና «ደም እየፈሰሳት ነው፤ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ትድረስ» አለች። ብርቱካንን መኻል፣ ደሳለችን ከኋላ አድርጌ ተነሣሁ። ሜዳውን ድንጋይ ሳይሰማን አለፍነው። እንዲያውም ኮራሁ።

የጉና ዳገት ሲጀምር ሞተሩ አቃሰተ። ግማሽ ላይ ቆመ፤ ወዲያው የፊት ጎማዎቹ ወደ ላይ ተነሡ። ደሳለች ብርቱካንን አቅፋ ባታወርዳት ኖሮ በላያችን ይገለበጥ ነበር። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ኡኡ አልኩ።

ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው ቃሬዛ ይዘው መጡ። አባ ሙላቴ እንደ ልማዳቸው ቁመታቸው የሚተካከል አራት ሰዎች መረጡ፤ አንዱ ካጠረ በሽተኛው ይናወጣል። እኔ ተንደርድሬ የግራውን ጫፍ ያዝኩ።

«ተው እንጅ ጥላዬ፣ ቁመትህ አይገጥምም» አሉኝ።

«ሚስቴ ናት፣ አባ! እባክዎ!»

አንዱን ሰው አስለቀቁልኝ። ተነሣን። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳንሄድ ብርቱካን ከቃሬዛው ላይ ጮኸች።

«ኧረ በግራ በኩል ያለው ማነው? አንጀቴን አወጣው እኮ! ቀይሩልኝ!»

«እኔ ነኝ፣ ብርቱካኔ» አልኳት።

«አውቄያለሁ። ቀይሩልኝ።»

ቀየሩኝ። ቃሬዛው ከዚያ በኋላ ውልፍት አላለም። እኔ ጫማዋን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ሰዎቹ ግን ፈጣን ናቸው። ብርቱካን ጤና ጣቢያ ሴት ልጃችንን በሰላም ስትገላገል፣ እኔ ገና ዳገቱን እየወጣሁ ነበር።